የአሰልጣኙ ፎጣ

ሽማግሌው አሰልጣኝ ዛሬም ከወልድያው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አልቀሩም፤ አንገታቸው ላይ ነፍተውት የማያውቁት ፊሽካ፣ ትከሻቸው ላይ ያው ጠርዙ የተተለተለ ፎጣ። የአንዱን ረዥም ተጫዋች ቀኝ እጅ በፎጣው ከወገቡ ጋር አሰሩት።

«ቀኝህንማ አገር ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው ግራህን ነው።»

ባጃጁን ጥግ ያቆመው ዓሪፍ ፈገግ አለ። የዛሬ ሃያ ዓመት በዚያ ፎጣ የታሰረው የእሱ እጅ ነበር። በግራው አስቆጥሮ አስቆጥሮ ለዞኑ ቡድን ተመረጠ፤ ቤት ግን በዚያችው እጅ ሳህን ቢያቀብል እናቱ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ጮኹበት።

ልምምዱ ሲያበቃ ሽማግሌው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ዓሪፍ ዞሮ ግራ እጁን ዘረጋላቸው። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ተናቅሁ ብሎ ይወርድ ነበር። እሳቸው ግን ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱና፣

«አልዛገችም» አሉ።