የማዳም ድምፅ

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ቡሪ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ቲያትር አስተምር ነበር። ድርሰቱን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ የእኔ ሥራ ቃላቸውን አለመንካት ነው። ያን ጊዜ ስለ ቤት ሠራተኞች ሠሩ።

ለወላጆች ባሳየን ቀን፣ ማዳሟን የምትጫወተው ሰላም ወንበሯ ላይ ተዘርፍጣ፣ "ያ ማርያም! ያላ፣ ሻዩ የታለ?" ብላ ጮኸች። ሠራተኛ ሆና የምትጫወተው ልጅ አፏን ሳትከፍት፣ ከተመልካቹ መሀል አንዲት ሴት "ሃዲር፣ መጣሁ!" ብላ ብድግ አለች። ጫማዋን አውልቃ መድረኩ ላይ ወጣችና ባዶውን ትሪ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ሰዉ የቲያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እኔ አስተማሪው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ተከትያት ስወጣ ትሪውን እያጠበች ነው። ለካ የሰላም እናት ናት።

"እትዬ አልማዝ፣ ቲያትር እኮ ነው!"

"ምን ላድርግ፣ ድምፁ ቁርጥ የማዳሜ ነው! ማርያም የምትለኝም እሷ ብቻ ናት። ልጄን መንሺያ፣ ማዳሜ ቤት ይዣት ሄጄ አላውቅ። አንተ ነህ ያስጠናሃት?"

"ወላሂ እኔ አይደለሁም!"

ሰላምን ጠርቼ ድምፁን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት።

"እማዬ እኮ እንቅልፍ ሲወስዳት ራሷን እንዲህ እያለች ነው የምትጠራው።"