ሲም የሌለው የሉሊት ስልክ

ሉሊት ኤርጫፎ በአርባ ምንጩ ሴቻ ሰፈር ከእኛ ቤት በሁለት አጥር ዝቅ ብላ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በረንዳዋ ላይ አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የሰፋውን ታጠብባለች፣ የረዘመውን ታሳጥራለች። ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ የመጣችው በልጅነቷ ነው። እዚሁ ሙያ ተማረች፣ እዚሁ አገባች፣ ልጇ ትሁት ሦስት ዓመት ሲሞላት ባሏ ሞተባትና እዚሁ ብቻዋን ቀረች። ከመኪናዋ ድምፅ በቀር ስለ ራሷ ብዙ የምታሰማ ሴት አይደለችም። ይህን እንድጽፍ ስትፈቅድልኝ ስሟን ልቀይረው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ተይው እትዬ ሻሺቱ፤ የደበቅኩት ይበቃል» አለችኝ።

የደበቀችው ነገር የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ስትታጠብ በቀኝ ጡቷ ሥር ባቄላ የሚያክል ጠጣር ነገር በጣቷ ነካች። ለማንም ሳትናገር ጤና ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተላከችና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ለእኛ የነገረችን የስፌት ሥልጠና አግኝቼ ነው ብላ ነበር። ከስታ ስትመለስ የአዲስ አበባ ምግብ አልተስማማትም አልን፣ በዚሁ ተውነው።

ቁስሉ ግን አልደርቅ አላት። የምታክማት ነርስ፣ ሲስተር ብሩክታዊት፣ ሥራዋን እየፈታች ከምትመላለስ ብላ አንድ ዘዴ ነገረቻት። «ካሜራ ያለው ስልክ አለሽ አይደል? በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ሆነሽ አንሺውና ስትመጪ አሳይኝ። እየጠበበ መሆኑን የምናውቀው ጎን ለጎን ስናየው ነው።»

ሉሊት እሁድ እሁድ ትሁት ወደ ጸሎት ቤት ቀድማ ስትወጣ በሩን ትቀረቅርና መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። አሥራ አራት እሁድ አነሳችው። የመጀመሪያውን ፎቶ ራሷም ደፍራ አላየችውም ነበር። በአሥራ አራተኛው ላይ ቁስሉ ተዘግቶ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ልታጠፋቸው ትችል ነበር። አላጠፋችም። የጥንት ሰዎች እግዚአብሔር በረዳቸው ቦታ ለምስክር ድንጋይ ያቆሙ እንደነበር ሰምታለች፤ እሷ ያላት ድንጋይ እነዚያ ፎቶዎች ነበሩ። በሽታው ይመለስብኝ ይሆን የሚል ሐሳብ ሲያስጨንቃት በሩን ዘግታ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ታያቸዋለች፣ ከዚያ ተነሥታ ሥራዋን ትሠራለች።

ሌላ ፍርሃትም ነበረባት። በዚያው ዓመት አንዲት የሰፈራችን ሙሽራ ስልኳ ተበላሽቶባት ለማሠራት ሰጠች። ለባሏ ብላ የተነሳችው ፎቶ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ በሳምንቱ ባጃጅ ተራ ደረሰ። ልጅቷ ከተማውን ለቅቃ ሄደች፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። የሰርግ ልብሷን የሰፋችላት ሉሊት ነበረች።

ስለዚህ ሉሊት ሌላ ተራ ስልክ ገዛችና ሲሟን ወደዚያ አዛወረች። የአሮጌውን ባትሪ ነቀለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ በቀይ የገበርዲን ቁራጭ ጠቅልላ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ሥር፣ ከተበላሹ ዚፖች በታች አስቀመጠችው። ሲም የለው፣ ከማንም ጋር አይገናኝ፤ እንግዲህ ከዚህ ወዴት ይሄዳል አለችና ተማመነች።

አንድ ነገር ረስታ ነበር። በዚያው ስልክ ውስጥ የአባቷ የአቶ ኤርጫፎ ፎቶም ነበር። ሽማግሌው በ2002 ከካምባ ቡላ ይዘውላት መጥተው ሳለ ከግቢዋ ማንጎ ሥር አቁማ ያነሳቻቸው ነው። ማኅተም ካረፈበት የቀበሌ መታወቂያቸው በቀር በሕይወታቸው የተነሱት ፎቶ ያ ብቻ ነበር።

በግንቦት 2006፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሉሊት ሲቀላ ገበያ ክር ገዝታ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰች። ዚፕ ፈልጋ መሳቢያውን ሳበች። ዚፖቹ አሉ፣ ቀዩ ጨርቅ የለም። መሳቢያውን መሬት ላይ ገለበጠችው። ስልኩም የለም፣ ባትሪውም የለም። ባትሪውን ጨምሮ የወሰደ ሰው ሊከፍተው አስቦ ነው የወሰደው። የስፌት መኪናውን ጠርዝ ያዘች።

«ትሁት፣ መሳቢያዬን ማን ነካው?»

ትሁት ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች «እኔ እንጃ» አለች።

«ቀና በይ እስኪ። ምን ሆነሽ ነው ያለቀስሽው?»

«አላለቀስኩም። ሽንኩርት ነው።»

ቤት ውስጥ የተከተፈ ሽንኩርት አልነበረም።

አይታዋለች፣ አለች ሉሊት በልቧ። ልጄ አየችው፤ ከእሷም ሌላ ሰው አየው። ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። መጀመሪያ ያገኘችው የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ብዙነህን ነው። ጋሽ ብዙነህ ሉሊትን ባየ ቁጥር «አንቺ፣ ሱሪዬን እንዲህ ያሳጠርሽው እግሬም ያጥራል ብለሽ ነው?» ሳይል አልፏት አያውቅም። ያን ቀን ባርኔጣውን አወለቀና «በርቺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ» ብሎ ዓይኑን ሰብሮ አለፈ። ቦኖው ጋ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ስትደርስ ወሬያቸውን ቆረጡ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ሦስት ጎረምሶች አንድ ስልክ ከበው ይስቃሉ። ሉሊት በዚያ ማለፍ አቃታትና ተመለሰች።

ወደ እኔ መጣች። በራፌ ላይ ቆሜ ነበር፤ እንድትገባ አልጋበዝኳትም። ላብ አጥምቋታል።

«እትዬ፣ ምን አይታችሁ ነው ሁላችሁ ፊታችሁን የምታዞሩብኝ?»

እኔ የማውቀውን አውቅ ነበር፤ እሷ የምትፈራውን ግን አላውቅም። «ምንም የለም። ቤትሽ ግቢና ዕረፊ፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አልኳት። ቀጠሮዬን እንደ ፍርድ ሰማችው። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። በኋላ እንደነገረችኝ ቤቷ ገብታ ሻንጣ አወረደች፤ የትሁትን ልብሶችና ሁለት ቀሚሶቿን ከተተች። እንደዚያች ሙሽራ ከተማውን ልትለቅ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ብዙነህ፣ ሁለት የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌዎችና እኔ በሯን አንኳኳን። ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣውን እግሯ ሥር አድርጋ ቁጭ ብላ ነበር የጠበቀችን። አፋችንን ሳንከፍት ቀደመችን።

«የቁስሌ ፎቶ ነው» አለች። «ለሐኪም ነው ያነሳሁት። በእግዚአብሔር ስም፣ ሌላ ነገር የለበትም። ልጄን ብቻ አታሳፍሩብኝ።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ጋሽ ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ምን እንደምትይ አልገባንም። እኛ የመጣነው ለሌላ ነው። አባትሽ አቶ ኤርጫፎ ቅዳሜ አርፈዋል።»

ሉሊትን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለመናገር የከበዳት ቀጥሎ የሆነው ነው። መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ አላዩም ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ያቺን ትንፋሽ እግዚአብሔር ይቅር እንዲላት እስከ ዛሬ ትጸልያለች። እኔ ይቅር ብሏታል ብዬ አምናለሁ።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንደተሰማ አይነገርም። ሰው በቁሙ፣ ብቻውን፣ መንገድ ላይ አይረዳም። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲነጋ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። የካምባ መንገድ በዝናብ ተቆርጦ ስለነበር ቀብሩ ያለ እሷ እሁድ ተፈጽሟል። ወንድሟ ሳምሶን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደርሶ እኔ ቤት ነበር ያረፈው። ሐሙስ ለሚደረገው ልቅሶ የሟቹን ፎቶ ትልቁ ልጅ ይዞ ከፊት መሄድ አለበት። ትሁትን ቢጠይቃት «የአያቴ ፎቶ ያለው እማዬ አሮጌ ስልክ ውስጥ ነው» ብላ ጥቅልሉን ሳትፈታ ሰጠችው፤ እሱም ሲቀላ ይፍሩ ፎቶ ቤት ወሰደው።

ይህን ወደ ካምባ ስንሄድ መኪና ውስጥ ላጽናናት ብዬ ነገርኳት። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። «ፎቶ ቤት?» አለች። እጇን ከእጄ አወጣች።

ሐሙስ የልቅሶው ሜዳ ሞላ። ሳምሶን ፎቶውን በፍሬም ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ከፊት ቆመ። አባታቸው በጭጋግ ውስጥ እንዳሉ ደብዝዘዋል፤ ፊታቸው ላይ አግድም ቀጫጭን መስመሮች ያልፋሉ፣ አንዱ ጥግ ላይም ጥቁር ድቡልቡል ነገር ገብቷል። የሟቹ ወንድም ደበሌ እንባውን ጠረገና ጠጋ ብሎ አየ።

«ሲቀላ ድረስ ሄደህ ያመጣህልን ጉም ነው?» አለው። «ይህ ወንድሜ መሆኑን የማውቀው አንተ ስለያዝከው ብቻ ነው።»

«ለፎቶው የተሰጠውን ጠጥቶበት ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላ።

ሳምሶን ፍሬሙን ዝቅ አላደረገም። ቀኑን ሙሉ ያንን ፎቶ ተሸክሞ፣ ስድቡንም ተሸክሞ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን መለሰላት። በዚያው ቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ በክር ታስሯል። መሬት መሬት እያየ «ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ። ደውይልኝ» አላት።

አይቷል ማለት ነው። እሱ ካየ ፎቶ አንሺውም አይቷል፤ ኮምፒውተሩም ይዞ አስቀርቶታል። ሉሊት ይህን ሐሳብ ይዛ አርባ ምንጭ ተመለሰች። ሁለት ሳምንት በይፍሩ ፎቶ ቤት በኩል አላለፈችም። ሰው ስልኩን እያየ ሲስቅ ካየች መርፌው ጣቷን ይወጋታል። የሚያሠሯት ደንበኞች ልብሳቸውን ሲለኩ ዓይናቸው ደረቷ ላይ ያረፈ ይመስላታል። አንድ ዓርብ ከጸሎት ስትመለስ ቤቴ ገብታ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ፣ ከሴቻ ሲቀላ እስክንወርድ፣ ሁሉንም በጆሮዬ ነገረችኝ። ለሦስት ዓመት ሁለት አጥር ርቄ የኖርኩ ጎረቤቷ ነኝ፤ አንዱንም አላውቅም ነበር።

ይፍሩ ገና ስሟን ስትነግረው «የካምባው ሰውዬ ልጅ ነሽ?» አለ። «ልትሰድቢኝ ከሆነ ተራ ያዢ። አጎትሽ ወንድሜን በጭስ አጠንከው ብሎ መልእክት ልኮብኛል።»

«ከስልኩ ላይ ምን ምን ወሰድክ?» አለችው።

«ምን አስወሰደኝ? ቻርጀር ሰክተን ከፈትነው። ወንድምሽ እኔው ልፈልግ ብሎ ያዘው፤ ነካ ነካ ሲያደርገው ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲያ ከእጁ አልወጣም። በገመድ ላውጣው ስለው አይሆንም፣ በብሉቱዝ ላክልኝ ስለው አይሆንም። የመንግሥት ሚስጥር ነው እንዴ አልኩት፤ አልሳቀም። ውጭ ወጥቶ ብቻውን ሲፈልግ ቆየና አባቱን አግኝቶ መጣ። ስልኩን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ ከላዩ ላይ አንሳው አለኝ። ከስልክ መስታወት ላይ ሲነሳ እንደሚበላሽ ነግሬዋለሁ። ይሁን አለ። ያለችኝ ያቺው አንዲት ናት፤ ይኸው።»

ኮምፒውተሩን አዞረላት። አባቷ ማንጎው ሥር ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ሉሊት ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በጣቷ አመለከተች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወንድምሽ አውራ ጣት ነዋ። ቆርጬ ላውጣት ብል የአባትሽን ትከሻ ይዛብኝ ትሄዳለች። ተውኳት።»

ደንበኞች ለጉርድ ፎቶ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አባቴን ደህና አድርጌ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው ትላለች። ይፍሩ ግራ ገብቶት ውሃ አመጣላት።

ፍርሃቷ በአንድ ቀን አልወጣም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይወጣም። ለትሁት በዚያው ሳምንት ነገረቻት። ፎቶዎቹን ግን አላጠፋችም። እኔ ብሆን አጠፋቸው ነበር። አሁን ስልኩ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ባትሪው ደግሞ እኔ ቤት፣ ከመነጽሬ አጠገብ። አንዳንድ እሁድ መጥታ እጇን ትዘረጋለች፤ ሳልጠይቃት እሰጣታለሁ። ማታውን ትመልስልኛለች።

የአባቷ ፎቶ ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅሏል። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ስልኩ እጅሽ አይደለም እንዴ? ጥርት ያለውን አሠሪ እንጂ» ይላታል። «ይህ ይበቃኛል» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ስትጠርግ የምትጀምረው የወንድሟ ጣት ካለባት ጥግ ነው።