የስታመን የመጨረሻ ደወል

ባሌ ስታመን አርባ ዓመት ደወል ሲሠራ ኖሯል። ቡልጋሪያን ከዳር እስከ ዳር ብትሄዱ የእሱን ደወል ትሰማላችሁ፤ የሌለው የተወለደበት መንደር ብቻ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለመንደሬ አንድ ሠርቼ ምድጃዬን አጠፋለሁ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

መንደርተኛው ከየቤቱ የመዳብ ድስቱን፣ የአረቄ ማውጫውን ሳይቀር አዋጣ። የአዋጪዎቹ አለቃ እትዬ ኔደልያ ስታገባ ይዛው የመጣችውን ትልቁን ድስት ሰጠች። ስታመን ከአምስት እጅ አንዱ ቆርቆሮ፣ ያ ነጩ ማዕድን፣ መሆን አለበት ሲል ግን አገር ይያዝልን አሉ። ለእግዜር የሰጡትን ሊበርዝባቸው ነው፤ ማን ያውቃል፣ መዳቡንም ሊያስቀር ይሆናል።

እሱ ምስኪን ሁለት ዘንግ ይዞ ስብሰባቸው ሄደ። ንጹሑን መዳብ እንደ ሰም አጠፈው። ቆርቆሮ የገባበትን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቢታገለው ንቅንቅ አላለም። ንጹሕ መዳብ እንደ ምስር ነው፣ ፍሬው ሁሉ እኩል ስለሆነ ሲገፉት ይንሸራተታል፤ መሃል መሃሉ ባቄላ ሲገባበት ግን መንሸራተቻ ያጣል እያለ አስረዳቸው።

«ስታመን፣ ደወል ይደወላል እንጂ አይታጠፍም» አለች እትዬ ኔደልያ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

እምቢ በል ብዬው ነበር። መንደሬ ነው ብሎ ያለ ቆርቆሮ ሊሠራው እሺ አለ።

ደወሉ የስታመን ስም ተቀርጾበት ለፋሲካ ተሰቀለ። ድምፁ ድስት በማማሰያ የመቱ ይመስላል። በወሩ የደወሉ ምላስ እየመታ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዶ ተገኘ። የስታመን እጅ አርጅቷል ተባለ፤ ቆርቆሮዋን ያነሳ አንድ ሰው የለም፣ አንድ!

አውርደው ለሌላ ደወል ሠሪ ላኩት። ያ ሰውዬ ለስታመን ስልክ ደውሎ እየሳቀ ነገረው፤ ያንኑ መዳባቸውን አቅልጦ ከአምስት እጅ አንዱን ቆርቆሮ ጨምሮበታል፣ ለእነሱ ግን ትንፍሽ አላለም። ስሙንም ጽፎበታል፣ የራሱን።

ለማርያም በዓል ተደወለ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመን ስንሰማ ድምፁ ተራራውን ዞሮ ተመለሰ። እትዬ ኔደልያ መጥታ የስታመንን ትከሻ መታ መታ አደረገችው።

«ሰማህ? ንጹሕ መዳብ ማለት ይሄ ነው።»

ልናገራት አፌን ስከፍት ስታመን ክንዴን ያዘኝ።

«ተያት፣ ድምፁን እንስማበት» አለኝ።