የልጄን ጆሮ ማን ነው የሚነካው?

ዛሬ ሳልናገር ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ በአጥር ቀዳዳ የገዛ ልጄን ሰለልኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሰሞኑን ባየችኝ ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ «ጆሮዋ ደህና ነው» አሉኝ።

እኔ ሰሊጥ መጋዘን ስውል የምትይዝልኝ ጎረቤታችን ትዕግስት መስማት የተሳናት ናት። ትቆነጥጣት ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። (የከተማችን የገንዳ ውሃ ሙቀትም ለሰው ክፉ ክፉውን ያሳስባል።)

ትዕግስት በአጥሩ አየችኝ። ወደ እኔ ጠቆመችና የራሷን ጆሮ ያዝ አደረገች። ልጄም ጆሮዋን ይዛ፣ እየሳቀች፣ እየተንገዳገደች ወደ በሩ መጣች።

«ምን እያስተማረቻት ነው?» አልኳቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን የትዕግስትን እናት፣ ኮስተር ብዬ።

«አንቺን እኮ ነው የምትጠራሽ፣ ልጄ። ትልልቅ ጉትቻ ስለምታደርጊ ትዕግስት ስም ያወጣችልሽ በጆሮሽ ነው» አሉኝ።

ለካ ልጄ ሰሞኑን ሁሉ ስትጠራኝ ኖራለች። አፈርኩ፤ ትዕግስትንም ልጄንም አንድ ላይ አቀፍኳቸው።

ስጋት ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። በአፏ «እማ» ብላኝ አታውቅም። እጇ ማውራት ከለመደ አፏ ይሰንፍ ይሆን?

እናንተስ፣ በምልክት የሚያወራ ልጅ ያላችሁ፣ መቼ አፉን ፈታላችሁ?