ማንያዘዋል የሚስመው በር

ማንያዘዋል አዳሙን የማያውቅ ሰው መካነ ብርሃን ውስጥ ካለ፣ ትናንት የገባ እንግዳ መሆን አለበት። የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እሱ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር እሱ፣ በሚካኤል ንግሥ ከበሮ የሚመታው እሱ። ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል ከነከረባቱ ካስማ ሲመታ ታገኙታላችሁ። ከረባቱን አያወልቅም፤ «ሟቹም ደንበኛዬ ነበር» ይላል።

ያደገው ጎንደር፣ አራዳ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ልጃቸውን ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት እያሉ አሳደጉት። ዲያቆንም ሆነ፣ የሂሳብ ባለሙያም ሆነ። እዚያው ጎንደር ባንክ ውስጥ ዓመታት ሠርቶ፣ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ላይ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው፣ ማን ይሄዳል ሲባል ባልደረቦቹ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እሱ እጁን አወጣ። ሚስቱ ሐመልማል አስተማሪ ናት፤ «ብርዱን ታውቀዋለህ?» አለችው። «ጋቢ አለን» አላት። ጋቢ አለን! የመካነ ብርሃንን ብርድ በጋቢ! የመጀመሪያውን ክረምት ሁለቱም ሲያስሉ ከረሙ። እንመለስ ያለ ግን አልነበረም።

ቅርንጫፉ በተከፈተ ዕለት ማንያዘዋል የንስሐ አባቱን አባ ተክለ ጊዮርጊስን ጠርቶ ቤቱን ጸበል አስረጨ። ራሱም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ የበሩን መቃን ሳመ። አገር ምድሩ ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ መቃኑን ሳይስም የገባበት ቀን የለም። ገበሬውም ቀስ በቀስ ጫማውን ደጅ እያወለቀ ይገባ ጀመር። ማንያዘዋል «አክብረውን እኮ ነው!» ብሎ ልቡ ሞቀ። ዘበኛው ባዬም ጫማዎቹን ግድግዳ ጥግ በረድፍ መደርደር ሥራዬ ብሎ ያዘ።

ታዲያ በሐምሌ ወር ሰሎሜ ከጎንደር መጣች። ቅርንጫፎችን የምትቆጣጠረው እሷ ናት፤ ነገር አታንዛዛም። ገብታ ዙሪያውን ቃኘችና፣ «አቶ ማንያዘዋል፣ ወለላችሁ እንደ መስተዋት ያበራል» አለችው። እሱ ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት ቀጠለች፦ «የሚረግጠው ሰው ስለሌለ ነው። ሴት ደንበኛ የላችሁም ማለት ይቻላል። ከተማው ደግሞ በሴቶች ገበያ ነው የሚኖረው። እስከ መስቀል ለውጥ ካላየሁ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ከደባርቁ ጋር ይጠቃለላል።»

ማንያዘዋል ክው አለ። ደባርቅ! ዳገቱን ቁልቁለቱን በጭነት ማኪና ላይ፣ ገንዘብ በመቀነት ቋጥሮ! መንገዱ በደህናው ቀን እንኳ አያስተማምንም። በስልክ ያንቀሳቅሱ እንዳይባል፣ ኔትወርኩ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ማታ ለሐመልማል ነገራት። «እኔስ ጎንደር እመለሳለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የት ይሄዳሉ?» አላት።

እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ግን አይደለም። በማግስቱ የእድሩን ድምፅ ማጉያ ተውሶ ገበያ ወጣ። ሴቶቹን በየመደባቸው እየዞረ ለመነ። «እሺ፣ አያ ማንያዘዋል፣ እሺ» ይሉታል፤ ከዚያ ባሎቻቸውን ይልካሉ። የላኩት ሁሉ በባል ስም ይገባል። በጣም ያበሸቀችው ቅቤ ነጋዴዋ ፈንታዬ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ገንዘቧን በባሏ ወንድም በአለበል ስም ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ለልጆቿ ደብተር መግዣ አለበልን ደጅ ትጠናለች። አለበል ሲገባ እሷ ከባንኩ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ትቀመጣለች።

በፍልሰታ ጾም፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ ሲወርድ ፈንታዬ እንደ ልማዷ ካቡ ላይ ናት። ቅቤዋን በጉያዋ ሸሽጋ ትንቀጠቀጣለች። ማንያዘዋል አላስቻለውም፤ ዣንጥላ ይዞ ወጣ።

«ፈንታዬ እህቴ፣ ምነው እዚህ በዝናብ ትደበደቢያለሽ? ግቢ እንጂ!»

«ኧረ በስማም! እንዴት አድርጌ?»

«በእግርሽ ነዋ!»

ዞር ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። «አያ፣ አያሳፍሩኝ። ሴት ልጅ ሁልጊዜ ንጹሕ ናት እንዴ? ደግሞ በፍልሰታ፣ ቅቤ ታቅፌ!»

«ባንክ እኮ ነው፣ ፈንታዬ! ቤተ ክርስቲያን አይደለም!»

ፈንታዬ ቀና ብላ አየችው። የተናደደች ትመስላለች። «ታዲያ እርስዎ በየማለዳው ምኑን ነው የሚስሙት?»

ማንያዘዋል ዞሮ የባንኩን መቃን አየ። ስንት ዓመት ሙሉ! እነዚህን ሴቶች ዝናብ ላይ ያስቀመጣቸው አለበል አይደለም፣ ባሎቻቸውም አይደሉም። ዣንጥላውን ለፈንታዬ ሰጥቶ፣ እየበሰበሰ፣ ወደ ሚካኤል ሮጠ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ቅዳሴ እስኪገቡ ከዛፍ ሥር ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አገኛቸው።

«አባ፣ አንቱ አውጁልኝ። ባንክ ነው፣ ማንም ይግባ በሉልኝ።»

«እኔ ብናገር ይሰሙኛል፤ ግን ጠዋት አንተን ሲያዩ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ» አሉት። «ያስተማርካቸው በአፍህ መሰለህ?»

«መሳሙን ልተው ነው የምትሉኝ? ሳልስም ውዬ አላውቅም፣ አባ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እዚህ ና፤ እዚህ ሳም። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይኸው። እዚያ ባንክህ ግን ሰው አስገባ።»

ያን ሳምንት ማንያዘዋል ልተወው፣ አልተወው እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። ሐመልማልም ትቀልድበታለች፦ «ከበር ጋር ስትጣላ ያየሁህ ገና አሁን ነው።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ማጥ ሆኗል። ማንያዘዋል ሲደርስ ሰዉ እንደ ወትሮው ደጅ ተኮልኩሎ ይጠብቃል፤ ሴቶቹ ካቡ ላይ ናቸው። ቁልፉን አዞረ። አንገቱ በልማዱ ጎንበስ ማለት ጀመረ፤ ሁሉም ያያል፤ ባዬም ያያል። ማንያዘዋል አንገቱን ቀና አደረገ። ጫማው ላይ የጎንደር በሬ የሚጥል ጭቃ አለ፤ ሳያወልቅ፣ ሳይጠርግ፣ ያንን እንደ መስተዋት የሚያበራ ወለል ጧ ጧ እያደረገ እስከ ጠረጴዛው ሄደ። ባዬ «ወይኔ ወለሌ!» ብሎ መጥረጊያ ሊያነሳ ሮጠ።

«ተወው!» አለ ማንያዘዋል፤ በንግሥ ቀን በሚያዜምበት ድምፅ። «ፈንታዬ! ከነቅቤሽ፣ ከነጫማሽ ነይ!»

ፈንታዬ ተነሳች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ መቃኑ አየች፣ ወደ እሱ አየች። ከዚያ የላስቲክ ጫማዋን እንዳደረገች ገባች። ጭቃ ተከተላት፤ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። በገዛ ስሟ ሂሳብ ሲከፈትላት ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፤ አለበል ከደጅ ሆኖ አንገቱን ያስግጋል። ስትወጣ ማንያዘዋልን በጎን አይታ፣ «አያ፣ አምሮትዎ ሲመጣ ሚካኤል ማዶ ነው፤ ሩቅ አይደለም» አለችው። ካቡ ላይ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ አንድ በአንድ ከካቡ ወረዱ።

ማንያዘዋል ከዚያ ወዲህ በሌሊት ተነስቶ ሚካኤል ደጅ ይሄዳል፤ ሲስም ይቆያል። ከዚያ ወደ ሥራው ይወርዳል።

በመስቀል ዋዜማ ሰሎሜ መጣች። በሩ ላይ ሰው ተጨናንቆ ለመግባት ትከሻዋን ማስቀደም ነበረባት። ወለሉን ስታይ ደነገጠች፦ ጭቃ፣ ገለባ፣ የዶሮ ላባ ሳይቀር።

«አቶ ማንያዘዋል፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ደንበኞቼ ናቸው» አላት፣ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል። «ሰሎሜ፣ ወረፋ ያዢ፤ ከፈንታዬ ቀጥሎ ነሽ።»