የዓሣ ተማሪው

ወጣቱ በዚያ ሁሉ የጂንካ ሙቀት የሱፍ ካፖርቱን እንደደረበ ወደ መኪያ ሱቅ ገባ። እንደ ልማዱ አንድ ሳርዲን ገዝቶ፣ አፍንጫውን ይዞ ይጎርስ ጀመር።

«ካልወደድከው ማን አስገደደህ፣ ልጄ?» አለችው።

«ሶቭየት ኅብረት ልማር ልሄድ ነው፣ እትዬ። ሕክምናውም ምህንድስናውም ተይዞ አልቆ፣ የደረሰኝ የዓሣ እርባታ ነው። እኔን ደግሞ ሽታው ያጥወለውለኛል። ፊቴን ስቋጥር ካዩኝ ይመልሱኛል!»

ነገሩ አሁን ገባት፤ ካፖርቱ የዚያን አገር ብርድ፣ ሳርዲኑ ትምህርቱን መለማመጃ ኖሯል።

የሚሳፈርበት አውሮፕላን ከማረፊያ ሜዳው በላይ ሲያጓራ፣ የቀረውን በአንድ ጉርሻ ውጦ ሮጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አይ፣ አገሩን ሲወድ!» እያሉ ሸኚዎቹም አብረውት አለቀሱ።

መኪያ ብቻ በሩጫ ደርሳ ሎሚ አስጨበጠችው።