ሁለት የንስሐ አባት

ታናሽ ወንድሜ ምንተስኖት ጠጪ ነበር። ይህን የምጽፈው ላሳጣው አይደለም፤ ቀየት ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄዶ ነበር፤ አልቀናውም። ሲመለስ ከለበሳት ጃኬት በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ገብስ ያጭዳል፣ በግ ይሸጣል፣ የሸጠበትን ገንዘብ ጥሩሸዋ አረቄ ቤት አራግፎ ይመጣል።

እናታችን አስካለ ማርያም ታግሣዋለች። እኔ እሷ ስትታመም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ትቼ ቤቱን የያዝኩ ነኝ፤ ትዕግሥቴ እንደሷ አልነበረም። በር ቆልፌበት ከበጎቹ ጋር ያደረበት ቀን አለ።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የአካባቢውን ወጣት ሰብስበው መርሐቤቴ ቆላ ውስጥ ወዳለ ገዳም ለጽሞና ጉባኤ ወሰዱ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በዚያ ሰሞን ተከፍቶ ነበር። ምንተስኖት የሄደው ለጸሎት አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ አርሴማ ትሄዳለች ሲባል ሰምቶ ነው። ኋላ ራሱ እየሳቀ ነገረኝ።

ሲመለስ ፊቱ ከስቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ገብቶ የእናታችንን ጉልበት ሳመ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አወራን። ስልካቸውን ሰብስበው እንደወሰዱባቸው፣ ገና ሳይነጋ ጸበል እንደሚጠመቁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾሙ። የሚያስተምሯቸው አባ አትናቴዎስ የሚባሉ ወጣት መነኩሴ ነበሩ።

«ስለ ገሃነም ይቆጡናል ብዬ ነበር» አለ። «እሳቸው ግን ‹ሌሊት ሰክራችሁ ስትገቡ በር የሚከፍትላችሁ ማነው?› አሉን። እትዬ፣ አንቺን አሰብኩና አለቀስኩ።»

እኔ ግን የምቆልፍበት ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄ ቤት አልሄደም። ኪዳን ማስደረስ ጀመረ። ዳኜ ጎረቤታችን ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«አባ ምንተስኖት፣ ይባርኩን እንጂ» ይለዋል።

«ቆቡ ገና አልተሰፋም።»

«አንተ ሳቅ። ጥሩሸዋ ግን ቤቷን ልትዘጋ ነው። ምሰሶዋ አንተ ነበርክ።»

እናታችን ይህን ስትሰማ ፊቷ ይፈካል። እግሯ አብጧል፤ ትንፋሿም ያጥራታል። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀመጠችውና፣ «ልጄ፣ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት አብረን እንቁረብ። ከሕፃንነትህ ወዲህ ስትቆርብ አላየሁህም። ሌላ የምለምንህ የለኝም» አለችው። እሱም እሺ አለ።

እኔ የቤታችንን የንስሐ አባት ቄስ ገብረ ክርስቶስን ልጠራ ሄድኩ። ከአያታችን ጀምሮ ነፍሳችንን የያዙ እሳቸው ናቸው። ደስ ብሏቸው በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

«እህ፣ ንስሐህን መቼ ልስማልህ?» አሉት።

ምንተስኖት አቀረቀረ። «አባ፣ እኔኮ ገብቻለሁ። እዚያው ገዳም፣ ለአባ አትናቴዎስ። የንስሐ አባት የሌላችሁ ቅረቡ ሲሉ ቀረብኩ።»

«እኔስ?»

«እርስዎ የእማዬ ነዎት ብዬ ነው።»

እውነቱን ነበር። በየበዓሉ መጥተው ቤቱን ጸበል ሲረጩ የሚያወሩት ከእናታችን ጋር ነው፤ እሱ ወይ ሜዳ ነው ወይ ጥሩሸዋ ዘንድ። የእሱም አባት መሆናቸውን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

ቄሱ፣ «አንተን ያጠመቅሁህ፣ አባትህን የቀበርኩት የእማዬ ሆኜ ነው?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አልተቆጣሁም። ግን አንድ በግ ለሁለት እረኛ አይሆንም። እሳቸው የሰጡህን ቀኖና አላውቅም፤ ያላወቅሁትን ፈጽሟል፣ ይቁረብ ብዬ አልመሰክርም። ወይ እሳቸው ያቁርቡህ፣ ወይ ይልቀቁህና ና።»

«በስልክ ቢነግሩዎትስ?»

«ይንገሩኝ።»

ስልኩ ግን ቆላው ውስጥ አይሠራም። ኮረብታ ላይ እየወጣ ስንት ጊዜ ሞከረ። በዓሉ ሲቀርብ አባ አትናቴዎስን ሊያገኝ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። እናታችን «ሂድ፣ ግን ድረስልኝ» አለችው። እኔ የፈራሁት መንገዱን ብቻ አልነበረም። ዓለም ከተማ አረቄ ቤት ሞልቷል፤ ሰው ደግሞ ሲያፍር ይጠጣል።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት አልመጣም። ዳኜና ሌሎች ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ደጅ ቆሙ። እናታችንን በባና ጠቅልለን አወጣናት። ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አልነቀለችም።

«ትንሽ ጠብቁኝ» አለች።

ጠበቅናት። በመጨረሻ ዳኜ፣ ያ ቀልደኛ፣ ቀስ ብሎ «እትዬ አስካለ፣ ቅዳሴው አይጠብቀንም» አላት።

«ተሸከሙኝ እንግዲህ። ከመጣም ቤተ ክርስቲያኑን ያውቀዋል።»

ብቻዋን ቆረበች። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ከመቅደሱ ሆነው በእሷ አሻግረው የወንዶቹን በር ሲያዩ አይቻቸዋለሁ።

በማግስቱ ምንተስኖት መጣ። መንገድ ተዘግቶ አውቶቡሱ በመመለሱ በእግሩ ነው የመጣው። ጃኬቱን የተቀበልኩት ልስቀለው ብዬ አልነበረም፤ አሸተትኩት። ላብና አቧራ ብቻ ነው የሸተተኝ።

«ለቀቁኝ» አለ። «‹አባትህ እያሉ ነው የመጣህብኝ? ሂድና ይቅር በሉኝ በላቸው› አሉኝ።» ከዚያ ወደ አልጋው ዞሮ፣ «እማዬ፣ ቆረብሽ?» አለ።

«ቆረብኩ ልጄ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቄሱ ተቀበሉት፤ ቀኖናም ሰጡት። ፈጽሞ እስኪጨርስ እናታችን ከአልጋ የማትነሣ ሆነች፤ በቃሬዛም እንኳ ልትወጣ የማትችል። የቆረበ ዕለት አፉን በነጠላ ሸፍኖ ገብቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ዓይኗም ደክሟል።

«ማነው?» አለች።

እሱ አፉ የተሸፈነ ነውና እኔ መለስኩላት። «ምንተስኖት ነው። ቆርቦ መጣ።»

«ተመስገን» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አብረን ቢሆን ኖሮ» አለች። ነጠላው በእንባ ሲርስ አየሁ።

እስካሁን አልጠጣም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ስለ እሱ ለሌላው ይመሰክራሉ፤ አርሴማም ሰላም ትለዋለች። እኔ ግን ካመሸ ደጅ እወጣለሁ። ሲገባ ጃኬቱን ተቀብዬ ሳልሰቅለው በፊት አሸተዋለሁ። እሱም ያውቃል። እስክጨርስ ቆሞ ይጠብቀኛል።